ጣሪያው ያፈሳል

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጀርባ፣ የጥር ረፋድ፤ የስምንት ወር እርጉዟ ረድኤት እናቷ ቤት ልትወልድ ከኮምቦልቻ ከባሏ ቤት ሁለት ሻንጣና አንድ ከረጢት ገብስ ይዛ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ እናቷ ዘርትሁን ደግሞ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ተከናንባ የበሩን መቃን ይዛ፣ ልጇን ዛሬ በምን ሰበብ እንደምትመልሳት ጨንቋታል።

ረድኤት፦ እማዬ፣ ግቢ በይኝ እንጂ! ድንኳን ትከዪልኝ አላልኩሽም እኮ።

ዘርትሁን፦ መች አትግቢ አልኩ? ጣሪያው ያፈሳል ነው ያልኩት።

ረድኤት፦ በጥር?

ዘርትሁን፦ የጥር ሰማይ አይታመንም።

ረድኤት፦ እስቲ ቀና በይ፤ ደመና የሚባል ነገር ይታይሻል? ደግሞስ አናጢ መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረው ብሎ የደወለልኝ ማን ነው? እኔ ነኝ?

ዘርትሁን፦ አንዱን ደፈንኩ ሲል ሌላውን በሳው። የዛሬ አናጢ እንደምታውቂው ነው።

ረድኤት፦ በታኅሣሥ መባቻ ስመጣ ትኋን ነበር። ሦስት ቀን ሳልሞላ ሻንጣዬን አስይዘሽ መለስሽኝ። ለገና ስመጣ አባዬን ጉንፋን ይዞታል፣ ይጋባብሻል አልሽ። አሁን ደግሞ ጣሪያ! የክትትል ካርዴ ኮምቦልቻ፣ የሌሊት ልብሴ ደሴ፤ የልጁ ካልሲ እንኳ አንዱ እግር እዚያ፣ አንዱ እዚህ ነው። ስወጣ ስወርድ የሚኒባሱ ረዳት ለመደኝ እኮ! ዛሬ ምን አለኝ መሰለሽ? «እናት፣ ዛሬስ ትወልጃለሽ ወይስ ደርሶ መልስ ነው?» መኪና ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

ዘርትሁን፦ አፉን ይያዘው! ባለጌ።

ረድኤት፦ እሱስ ባለጌ ነው እንበል። እትዬ አስካለስ?

ዘርትሁን፦ አማትሽ ምን አለች?

ረድኤት፦ ምን ይበሉ! ገብሱን ለቅመው፣ አስፈትገው ከረጢት ሞሉልኝና «እንግዲህ እናትሽ የገንፎ እህል ቸግሯት ከሆነ ይኸው» አሉኝ። ሰው ናቸው እኮ እማዬ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው ብለው፣ በሰባት ወሬ ዘመድ ጠርተው፣ አስመርቀው ሸኙኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስመለስ እነዚያው ጎረቤቶች በራፋቸው ላይ ቆመው ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘርትሁን፦ ውይ ልጄን! ግቢ፣ ግቢ እሺ። ቁጭ በይ፤ እግርሽም አብጧል። ውሃ ጠጪና ትንሽ አረፍ በይ፤ ከዚያ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና…

ረድኤት፦ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ምን?

ዘርትሁን፦ ምንም። ጠጪ።

ረድኤት፦ እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሙሉቀንን ጠልተሽዋል?

ዘርትሁን፦ ባልሽን? ምን በወጣው! ወርቅ የሆነ ልጅ።

ረድኤት፦ እኔስ ምን አጠፋሁ?

ዘርትሁን፦ ኧረ ምንም!

ረድኤት፦ ታዲያ ለምንድን ነው የማታቅፊኝ? ድሮ ስመጣ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነበር የምትጨምቂኝ። አሁን ጉንጬን በጣትሽ ነክተሽ ጣትሽን ትስሚያለሽ፤ ሥዕል ነኝ እንዴ?

ዘርትሁን፦ ሆድሽን እንዳልጫነው ብዬ ነዋ።

ረድኤት፦ ጋቢውንስ አውልቂው። ላብሽ በአገጭሽ እየወረደ ነው።

ዘርትሁን፦ ብርድ ብርድ ይለኛል። ጨጓራዬ ተነስቶብኛል።

ረድኤት፦ ጨጓራ የታመመ ሰው ጋቢ ይለብሳል?

ዘርትሁን፦ የኔ ጨጓራ እንዲያ ነው። … ኡፍ! ማነው ደግሞ በጠዋት ሽንኩርት የሚያቁላላው? መስኮቱን ዝጊው! ዝጊው ረድኤት፣ ዝጊው በማርያም!

ረድኤት፦ ኧረ የት ነው የምትሮጪው? ቀስ በይ! … እማዬ? እያስመለሰሽ ነው? ቆይ፣ ግንባርሽን ልያዝልሽ። ጋቢሽ ወደቀ፣ ተዪው እኔ አነሳዋለሁ…

ዘርትሁን፦ አትጠጊኝ!

ረድኤት፦ እማዬ።

ዘርትሁን፦ ጋቢውን ስጪኝ።

ረድኤት፦ ዞር በይ እስቲ።

ዘርትሁን፦ ጋቢውን ስጪኝ ብያለሁ!

ረድኤት፦ ይሄ ነው ጨጓራው? እንቺ፣ ልበሺው።

ዘርትሁን፦ ጨጓራ መስሎኝ ነበር። እመቤቴን፣ ጨጓራ መስሎኝ ነበር! አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የወር አበባዬ ሲቀር፣ በቃ አረጀሁ፣ ተገላገልኩ ብዬ ተመስገን አልኩ። ሆዴ ሲነፋ ተልባ ጠጣሁ። ተልባው አልሆን ሲል ጠበል ገባሁ። ስድስት ቀን ተጠምቄ በሰባተኛው ቀን ጨጓራዬ ተራገጠ።

ረድኤት፦ ተራገጠ!

ዘርትሁን፦ እዚያው ጠበሉ ሥር። ቄሱ «አይዞሽ፣ ይለቅሻል» ይሉኛል፣ እሱ ይራገጣል።

ረድኤት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ትኋን፣ ጉንፋን፣ ጣሪያ… እኔ ደግሞ ጠላችኝ ብዬ መንገድ ለመንገድ ሳለቅስ። ስንት ወርሽ ነው?

ዘርትሁን፦ ምን አውቄ። ስድስት ይሆናል።

ረድኤት፦ አንቺ ስድስት፣ እኔ ስምንት። ጉድ ፈላ! እማዬ፣ አታፍሪም?

ዘርትሁን፦ አፍራለሁ። ምን መስሎሽ ነው በጠራራ ፀሐይ ጋቢ የተከናነብኩት? ወፍጮ ቤት መሄድ ትቻለሁ። ማኅበር ቀርቻለሁ። ቅዳሴ እንኳ ከኋላ፣ ከዋርካው ሥር ቆሜ ነው የምሰማ። አባትሽ ራሱ የሚወጣ የሚገባው በጓሮ በር ነው።

ረድኤት፦ አባዬም ያፍራል?

ዘርትሁን፦ ሰው ፊት ያፍራል። ብቻውን ሲሆን ያፏጫል።

ረድኤት፦ በስመአብ! ልጄ ከራሱ የሚያንስ አጎት ሊኖረው ነው እኮ። እትዬ አስካለን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? የሙሉቀን እህቶች እንኳን ይሄን አግኝተው፣ ድሮም ሳቅ ይቀድማቸዋል።

ዘርትሁን፦ አትንገሪያቸዋ! ለዚህ እኮ ነው ሂጂ የምልሽ። አራስ ጠያቂ ሲመጣ የትኛዋን ሊጠይቅ ነው? ገንፎ ላገንፋልሽ ብል ከእጄ በፊት ሆዴ ነው ምድጃው ጋ የሚደርሰው። አማትሽ ቤት ውለጂ፣ በክብር ያርሱሻል። እኔ እዚህ ጨለማዬ ውስጥ ልክረም።

ረድኤት፦ ሰው እንደሆነ ሁለት ቀን አውርቶ ይረሳል።

ዘርትሁን፦ ሌላው ሰውማ ያውራ፤ ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው ነው። እኔን የገደለችኝ ደብሬ ናት።

ረድኤት፦ የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ? ምን አደረጉሽ?

ዘርትሁን፦ ረሳሽው? የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በአርባ አምስት ዓመቷ ስታረግዝ፣ ማኅበሩ እዚሁ ቤት ሲጠጣ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አልኩ?

ረድኤት፦ «ደብሬ ከልጇ ጋር ተራ ይዛ ልታጠባ ነው» አልሽ።

ዘርትሁን፦ «ጡረታ በምትወጣበት ጡት ልታወጣ» ብዬም ጨመርኩበት።

ረድኤት፦ እሱንስ አዎ።

ዘርትሁን፦ ሰው አውካካ። እኔ ደግሞ ጨዋታ ያወቅሁ መስሎኝ ደገምኩት። ደብሬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ብድግ ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልመጣችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ የሳቁበትም ይደርሳል።

ረድኤት፦ እኔም ስቄያለሁ። ጠላ እየቀዳሁ ነበር፤ ጣሳው ከእጄ እስኪወድቅ ነው የሳቅሁት።

ዘርትሁን፦ አንቺ ልጅ ነበርሽ።

ረድኤት፦ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንዲያውም ሲወጡ አይን ለአይን ተያይተናል፤ እኔ ሳቄን አላቆምኩም። … ያንቺን ያውቃሉ አሁን?

ዘርትሁን፦ ታውቃለች። ባለፈው ልብስ ሳሰጣ ነፋስ ጋቢዬን ገለጠው፣ በአጥሩ አየችኝ። ገባችና አራት ሎሚ ይዛ ወጣች። በአጥሩ ላይ አቀብላኝ፣ «ሲያቅለሸልሽሽ አሽትቺው» ብላኝ ተመለሰች።

ረድኤት፦ ሳይስቁ?

ዘርትሁን፦ ሳትስቅ። ብትስቅ እኮ በቀለለኝ! እጄን ዘርግቼ ስቀበላት እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳት። ሎሚዎቹ ያውና፣ መደርደሪያው ላይ። አልነካኋቸውም። ባየኋቸው ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ረድኤት፦ አብሽሪ፣ አታልቅሺ። ጤና ጣቢያስ ምን አሉሽ?

ዘርትሁን፦ አልሄድኩም።

ረድኤት፦ እንዴት አልሄድሽም?

ዘርትሁን፦ ካርድ ክፍል የምትቀመጠው ማን ናት? የደብሬ ትልቋ ልጅ! «ስም? ዕድሜ? ስንተኛ እርግዝና?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ከበሩ ተመለስኩ።

ረድኤት፦ በስድስት ወር አንድም ቀን አልታየሽም? በአርባ ሦስት ዓመትሽ?

ዘርትሁን፦ አትጩሂ፣ ይሰማል።

ረድኤት፦ ይሰማ! እኔ በሃያ አንድ ዓመቴ ደም ግፊትሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ተብዬ በየሳምንቱ ነው የምለካ። አንቺ ብትሞችብኝስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ዘርትሁን፦ ይሄ በሽታ አይደለም፤ ውርደት ነው።

ረድኤት፦ እንዲህ አትበይ፤ እሱም ይሰማል።

ዘርትሁን፦ ማን?

ረድኤት፦ ወንድሜ ነዋ። ወይ እህቴ።

ዘርትሁን፦ እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው የለም። እኔም አልጠራሁት።

ረድኤት፦ ስንት ዓመት ሙሉ እህት ውለጂልኝ ብዬ ቀሚስሽን ይዤ አለቀስኩ። እምቢ ብሎ ከርሞ አሁን ከልጄ ጋር ሊራገጥ መጣ! … በይ ነይ፣ ተቀመጪ። ሎሚውን ልቁረጥልሽ።

ዘርትሁን፦ ደርቋል።

ረድኤት፦ ላዩ ነው የደረቀው። እንቺ፣ አሽትቺው። እንዴት ነው?

ዘርትሁን፦ ደስ ይላል። … ቆይ፣ ስልክሽ ይጮሃል።

ረድኤት፦ እትዬ አስካለ ናቸው። መድረሴን ሊጠይቁ ነው።

ዘርትሁን፦ እንዳትነግሪያት! በማርያም ይዤሻለሁ፣ በዚህ በያዝሽው ሆድ! ጣሪያው ያፈሳል፣ እመለሳለሁ በያት።

ረድኤት፦ ለሦስተኛ ጊዜ? እናቷ በር ዘጋችባት ነው የሚሉት።

ዘርትሁን፦ ይበሉ።

ረድኤት፦ አይሉም። አንቺን አላሳማም። … ሄሎ፣ እትዬ? አዎ፣ ደህና ገባሁ፣ እግዜር ይመስገን። … አይ፣ ዛሬ ተመልሼ እመጣለሁ። … ኧረ እናቴ ምንም አላደረገችኝም! እሷማ ግቢ ብላኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ። … ክፉ ቃል ተናግሬያት ነው። ያለፈውም፣ የገናውም፣ ሁሌም እኔ ነኝ የማስቀይማት…

ዘርትሁን፦ ምን? ማን ነው ክፉ የተናገረኝ?

ረድኤት፦ እሽሽ። … አዎ፣ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። እናትን፣ ያውም በዚህ ሆዴ… አዎ። ለሙሉቀንም ይንገሩት፣ ይቆጣኝ፣ ይገባኛል። … እሺ፣ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና እወርዳለሁ።

ዘርትሁን፦ እናቷን ሰደበች ሊሉሽ? እኔ ያሳደግሁሽን? ስልኩን ወዲህ በይ!

ረድኤት፦ ተዪው እማዬ፣ ጨርሻለሁ…

ዘርትሁን፦ ወዲህ በይ ብያለሁ! ጋቢውንም ከላዬ አንሺልኝ፣ አፈነኝ። … ሄሎ፣ እትዬ አስካለ፣ ዘርትሁን ነኝ። ልጄ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፣ ጣሪያችንም አያፈስም፤ አፍሬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ረድኤት የትም አትሄድም፣ እዚሁ ትወልዳለች። ገብሱንም እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን አንድ ከረጢት አይበቃንምና ይጨምሩበት፤ ዘንድሮ እዚህ ቤት አራስ የምንሆነው ሁለት ነን።