ያልተረጎምኩት ስብከት

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ጉባኤ ሲኖር እንግዳው ሰባኪ በአማርኛ ይናገራል፤ ከገጠር ለመጡት ወደ አዊኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ያን ቀን የመጣው ሰባኪ ቁጣ የሚወድ ሰው ነበር። ሕፃኑም ሽማግሌውም አንድ ላይ በተቀመጠበት ድንገት ጣቱን ወደ ሴቶቹ ቀስሮ፣ «እዚህ መሃል ፅንሷን ያስወረደች አለች! ራሷን ታውቃለች!» ብሎ ጮኸ። ይህን ወደ አዊኛ አልመለስኩትም። ከፊት አንዲት ወጣት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ተነሣችና እየሮጠች ወጣች። ዓይናቸው የደከመ እናቷን ሁልጊዜ እጃቸውን ይዛ የምታመጣ ልጅ ናት። «አያችሁ! ቃሉ ወጋት!» አለ ሰባኪው። ሕዝቡ እልል አለ። እልል!

እናትየው አማርኛ አይሰሙም። እጃቸውን እንደዘረጉ፣ «አንተ፣ ምን ቢል ነው ልጄ እጄን ለቃ የሄደችው?» አሉኝ በአዊኛ።

«እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው ብሏል» አልኳቸው።

«ይቅር የሚል ከሆነ ታዲያ ምን አስሮጣት?»

ሰባኪው «ምን አሉ? ተርጉም እንጂ!» አለኝ። ደሜ ፈልቶ ነበርና ጥያቄያቸውን በድምፅ ማጉያው እንዳለ በአማርኛ ተናገርኩት። እልልታው ቀጥ አለ። ሰውየው ሕዝቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «እንጸልይ» አለ።

እሱ በማግስቱ ተሳፍሮ ሄደ። ልጅቷም ቀዬውን ለቃ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እናትየውን አሁን እጃቸውን ይዛ የምታመጣቸው ጎረቤት ናት። ድምፄን በሰሙ ቁጥር ይቆሙና፣ «የዚያን ቀን እውነት ምን ነበር ያለው?» ይሉኛል።

እስካሁን አልተረጎምኩላቸውም።