ዳንቴል የለበሰው ስዊችቦርድ

የኔ ልጅ፣ እኔ መርሳት የሚባል ነገር አላውቅም፤ የተጠመቅኩበትን ውሃ ቅዝቃዜ እንኳ አስታውሳለሁ! ካዛንቺስ አንድ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ሳለሁ ከድር የሚባል ቴክኒሻን ስዊችቦርዱን፣ ያንን ስልክ የማገናኝበትን ማሽን፣ ከኮምፒዩተር ጋር ሊያገናኝ መጣ። ኬብሉን ሰካ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን የጋኔን ጽሑፍ ነው። «የሁለቱ ማሽኖች መረጃ የመላላኪያ ፍጥነት አልገጠመም። ስዊችቦርዱ ስንት ላይ ነው የተስተካከለው እትዬ?» አለኝ። «አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ!» አልኩት ዓይኔን ሳላሽ። ሞከረ፤ ያው ጋኔን። ሥራ አስኪያጁ በየደቂቃው ብቅ እያለ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልሠራ ሌላ ባለሙያ እጠራለሁ!» ይላል፤ ከድር ላቡን ይጠርጋል፤ እኔ ቁጭ ብድግ እላለሁ።

በቃ፣ ሲጨንቀኝ አቧራ እንዳይነካው ብዬ ስዊችቦርዱን ያለበስኩትን ዳንቴል ገፍፌ ለከድር አራገብኩለት። እሱ ግን ስዊችቦርዱ ላይ አፈጠጠ። ለካ ዳንቴሉ ሥር «ፍጥነት 9600» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ኖሯል! «እትዬ፣ ይሄን ማነው የሸፈነው?» «ታዲያ ማሽኑ ራቁቱን ይቀመጥ?» አልኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥሩን ሲቀይረው ስክሪኑ ጥርት አለ። ሥራ አስኪያጁ ገብቶ «ችግሩ ምን ነበር?» ሲል፣ ከድር እኔን አየ፣ ዳንቴሉን አየ፣ «ኬብሉ ነው ጌታዬ» አለ። እኔም ቀበል አድርጌ «መጀመሪያም ጠርጥሬው ነበር!» አልኩ። በይ አሁን ስልኩን ዝጊ፤ ማታ ግን መልሰሽ ደውዪልኝ፣ ብትቀሪ ወዮልሽ!