ለበገና ማን ያጨበጭባል?

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በገና ሲደረደር ሰው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል እንጂ አያጨበጭብም። ሲያልቅም ዝም ነው። እና ይኸው ዝምታ ፈረንጅ አገር፣ ዴንተን ከተማ ድረስ ተከትሎን ሄዶ ጉድ ሊሠራን ነበር፣ ስሙኝማ።

የልጄ ልጅ ሳሮን እዚያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ትማራለች። ታዲያ አንድ ቀን ሉት የሚባል የድሮ አውሮፓውያን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ይዛ ቤት መጣች፤ ሆዱ የተገመሰ ዱባ፣ አንገቱ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ እጥፍ ያለ። "ውይ፣ ሰበርሽው እንዴ?" አልኳት። "ኖ አባባ፣ ሲሠራም እንደዚህ ነው!" ብላ ሳቀች። ልጄ፣ አባቷ፣ ግን አልሳቀም።

"ይሄ እንጀራ አይሆንሽም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ ነርሲንግ ትቀይሪያለሽ፣ በቃ!"

"ዳዲ፣ መጀመሪያ ኮንሰርቴን ና ስማ፣ ከዛ ወስን።"

"ኦኬ፣ እሰማለሁ።"

ታዲያ የኮንሰርቱ ቀን ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። እኛ በምንኖርባት በጋርላንድ ከተማ ያለን ሽማግሌዎች ነጠላችንን ጣል አድርገን በልጄ መኪና ሄድን፣ አንድ መስመር ሞልተን ተቀመጥን። እና ሳሮን ሉቷን ነካችው። ምን ልበላችሁ! ድምፁ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፣ ከወዲያኛው ክፍል እንደሚሰማ ወሬ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አዳራሹ ጠፋ፣ ዴንተንም ጠፋ፣ ሟች ባለቤቴ ከጎኔ የተቀመጠች መሰለኝ፣ እና ዘወር ብዬ ማየት ፈራሁ፣ እንዳትሄድብኝ። ደስ አለኝ፣ ልጆቼ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሲያልቅ ፈረንጁ ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የእኛ መስመር ጭጭ! አንገታችንን እንደደፋን ነን። ልጄም እንደዚያው።

ውጭ ፓርኪንጉ ላይ ሳሮን ሉቷን እንደያዘች ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"ኦኬ ዳዲ፣ እቀይራለሁ። አይቻችኋለሁ፣ ማለቴ… ማናችሁም አላጨበጨባችሁም። አንተም!"

"የኔ እናት፣ ለበገና ማን ያጨበጭባል?" አልኳት።

"ይሄ እኮ በገና አይደለም፣ አባባ!"

"ለእኛማ ነበር።"

እና ወደ አባቷ ዞረች። እሱ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቆሟል። "አባባ ቤት ውስጥ በገና ሲደረድር… እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ እግሩ ሥር… እስቲ፣ አንዴ ድገሚልኝ" አላት።

እዚያው መኪናው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ደገመችለት። ነርሲንግ የምትል ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

— ታዲያ አባባ፣ ሳያጨበጭቡላት ቀሩ?

— ምን ሲደረግ! ጾሙ ይፈታ ብዬ ነው እንጂ! ፋሲካ ዕለት፣ ዶሮው እንኳ ሳይቀርብ፣ አስደርድሬያት እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩላት። ሃሃሃ!