ደረጀ በእርሳስ የጻፈው የፌሮ ዋጋ

የባለቤቴን የደረጀን ሞት ያረዱኝ ቡራዩ ባለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቃችን ምስማር እየመዘንኩ ሳለ ነው። ከአርባው በኋላ ሸሪኩ ኦቦ ገመቹ ድርሻችንን ሊገዙኝ መጡ። ዕቃው ደረጀ በደብተሩ በእርሳስ በጻፈው አማካይ የመግዣ ዋጋ ይገመት አሉ። ወንድሜ ደብተሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አንዱ ፌሮ በሺህ ብር? በቅርብ የተገዛው እኮ በሺህ ሦስት መቶ ነው። እታለም፣ እየበሉሽ ነው።» ኦቦ ገመቹ ሊወጡ ተነሡ። የስንት ዓመት ወዳጅነት በእኔ ምክንያት ሊፈርስ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ይሄኔ የሂሳብ ሠራተኛዋ ሄለን ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ደረሰኞቹን አሁን አስገብቼ ጨረስኩ። ካሉት አራት መቶ ፌሮዎች ሦስት መቶው የተገዙት በዘጠኝ መቶ ብር ነው፤ በሺህ ሦስት መቶ የገባው መቶው ብቻ ነው። የአንዱን አማካይ ሶፍትዌሩም ሺህ ብር ነው የሚለው።»

«ታዲያ ደረጀም በሶፍትዌር ነዋ የሠራው?» አለ ወንድሜ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የጫንኩት ዛሬ ጠዋት ነው።»

ወንድሜ ተነሥቶ ኦቦ ገመቹን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ደብተሩን አቅፌ ቀረሁ። ደረጀ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ጭነት በወረደ ቁጥር ግን ምሳው እስኪቀዘቅዝ የድሮውን ከአዲሱ ደምሮ ያካፍል ነበር፤ እኔም «ደግሞ ጀመርክ» እለው ነበር። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በየሃይማኖታችሁ ደረጀን በጸሎት አስቡልኝ።