ያልመጡት እንግዶች

ፈይዛ አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ፌርማታ ላይ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ስትጠብቅ፣ ስትሸሻቸው የሰነበተችው አጎቷ ጋሽ ሙሐዲን ድንገት ከፊቷ ቆሙ። ጋሽ ሙሐዲን ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የሚመጡ ሰዎች የሚያድሩበት ቤርጎ አላቸው። ፈይዛ ሐኪም ናት። ነገ ወደ አንድ የጠረፍ ሆስፒታል ለሥልጠና መሄድ አለባት፤ እናቷ ግን «ጋሼሽ ካልፈቀዱ ንክች አትዪም» ብላ ሻንጣዋን ቆልፋባታለች።

«አገኘሁሽ! ስልክ አታነሺም አይደል? እኔ እንደሆነ ዛሬ ተቃጥያለሁ። አንዱ ገጠሬ ከትናንት በስቲያ ለራሱና ለሚስቱ ክፍል አስይዞ በዚያው ቀረ። አንቺ ልታክሚ የምትሄጂው እንዲህ ያሉትን ነው፤ ቃል የሌላቸውን!»

«ለምን እንደቀረ ጠየቁት፣ ጋሼ?»

«ምን አስጠየቀኝ? ይልቅ አንቺ መልሽልኝ። ተምረሽ ሐኪም ተባልሽ፤ ደግሞ የምን ሥልጠና ነው? ማሽኑ እዚህ፣ ስፔሻሊስቱ እዚህ! የታመመ ሰው ራሱ ይመጣል፤ ቤርጎዬ ምስክር ነው።»

«ቤርጎዎ የሚመሰክረው ለደረሱት ነው። መንገድ ላይ ለቀሩት ማን ይመስክር? እዚህ ምጥ ሲከፋ ስፔሻሊስት እጠራለሁ። እዚያ ማንን ልጥራ? በቀዶ ጥገና የማዋልደውም፣ የማደነዝዘውም እኔው ነኝ። ይህን የምማረው መብራት ሲጠፋም ማከም ከለመዱ ሐኪሞች ነው፣ እዚያው ሥራው ላይ።»

«ተይኝ እባክሽ! ገጠር የሚላከው ሰነፉ ነው።»

የፈይዛ ድምፅ ሰልፈኛውን ሁሉ አዞረው።

«ሰነፍማ እዚህ ይደበቃል፣ ስህተቱን የሚያርምለት ሞልቷል! እዚያ መደበቂያ የለም። ያላሠለጠንነውን ጀማሪ ሐኪም ጠረፍ ጥለን የምንረሳው እኛ ነን፤ ቃል የለውም የምንለው ደግሞ ገጠሬውን! ይደውሉለት። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ!»

ጋሽ ሙሐዲን ሊሳደቡ ተዘጋጅተው ደወሉ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«የቤርጎው ባለቤት ነኝ። ምነው፣ ክፍል አስይዘህ...»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ መደወል ነበረብኝ» አለ የደከመ ድምፅ። «ነፍሰ ጡር ነበረች። ደም ሲፈስሳት የወረዳችን ሐኪም ከአቅሜ በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ውሰዷት አለን። መንገድ ላይ አረፈች። ለቅሶ ላይ ሆኜ ነው የረሳሁት።»

ሚስቱን የቀበረ ሰው ስለ አልጋ ይቅርታ ሲጠይቅ መስማት ከባድ ነው። ጋሽ ሙሐዲን አንገታቸውን ደፉ።

«አላህ ያጽናህ ልጄ። ይቅርታው የእኔ ነው» ብለው ዘጉ። ወደ ፈይዛ ዞረው «ያ ሐኪም ሊያድናት ይችል ነበር?» አሉ።

«ቢያሠለጥኑት ኖሮ ምናልባት። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ብቻውን የጣሉት ላይ ግን እፈርዳለሁ።»

«ስንቱን እንግዳ ነው በዚህ አፌ የረገምኩት!»

በወረዳው ሆስፒታል የሠለጠነ እጅ ቢኖር እናት ከአገሯ ሳትወጣ ትገላገላለች፣ ባልም ሚስቱንና ልጁን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህ ለገጠር የሚወረወር ምጽዋት አይደለም፤ የተነፈገ መብት ነው።

ጋሽ ሙሐዲን ለእናቷ ደወሉ። «ሃፊዛ፣ ሻንጣዋን ክፈቺላት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት!»

ታክሲው ሲመጣ በሩን ያዙላት። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ አያያዝሽ ቤርጎዬን ልታዘጊው ነው።»

«ኢንሻአላህ፣ ጋሼ» አለች ፈይዛ እየገባች። «የምሄደውም ለዚያው ነው።»