ቶሎሳ እንዳረጋገጠው

ከአምቦ ወደ ጉደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጃቸው ተቀምጠው ነበር።

«እንሰቴን አስነቅለሽ ሥሩን በማይክሮስኮፕ ስታዪ የከረምሽው ለመሆኑ ጠቀመ? ጎረቤቱ ‹ኦቦ ቶሎሳ ጓሮውን ለልጁ መጫወቻ ሰጠ› እያለ ይስቅብኛል።»

«ጠቀመ እንጂ አባዬ። የእንሰት በሽታ ሴሉን እንዴት እንደሚጎዳ የጻፍኩትን ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው እየጠቀሱት ነው። ውጭ አገር ሳይቀር።»

«ምን ብለው?»

«‹ቶሎሳ እንዳረጋገጠው› ብለው።»

«እኔ ደግሞ ምን አረጋገጥኩ?»

«እነሱ የሚጠቅሱት የመጨረሻውን ስም ነው። ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው ደግሞ ያንተ ነው።»

«ታዲያ አታርሚያቸውም? የለፋሽው አንቺ።»

«ጓሮውን የሰጠኝ ማን ሆነና? እንደዚያው ይጥሩህ።»

«ተሳስተሽ ቢገኝስ?»

«ስድቡም ያንተ ነዋ።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያው በአጥሩ በኩል የቀሩትንም ነቅለሽ እያቸው» አሏት።

ጉደር ደርሼ ስወርድ የአባቴን ስም በልቤ እየጠራሁ ነበር።