ግጥም የለመደ እንባ

ሐይቅ ከተማ፣ የወይዘሮ ዘሐራ ቤት ደጃፍ፣ በቀብሯ ማግስት። ጎረቤቷ አልቃሽ ማንጠግቦሽ ከመርሳ ለቅሶ ገና መመለሷ ነው፤ የሟች ልጅ ይማም በሩ ላይ ቆሟል።

ይማም፦ እትዬ፣ ልብዎን አውቃለሁ። ግን እዚህ ቤት ሙሾ አይወርድም።

ማንጠግቦሽ፦ ሁለት ስንኝ ብቻ።

ይማም፦ አንድም አይሆንም።

ማንጠግቦሽ፦ ማንጎራጎርስ?

ይማም፦ የእርስዎ ማንጎራጎር ከሐይቁ ማዶ ይሰማል።

ማንጠግቦሽ፦ ከሩቅ ያለ ሰው መኪና ልኮ ያስመጣኛል፤ አንተ ደጃፍ ላይ ታግደኛለህ።

ይማም፦ ሃይማኖታችን ነው። እንባ ተፈቅዷል፤ ይግቡና ዝም ብለው ያልቅሱ።

ማንጠግቦሽ፦ ጭንቄ እሱ ነው። እንባዬ ያለ ግጥም አይወጣም።

ይማም፦ እንዴት አይወጣም?

ማንጠግቦሽ፦ ሠላሳ ዓመት ግጥም እየቀደመው ኖሮ፣ አሁን «ብቻህን ና» ስለው እምቢ አለኝ። መኪና ውስጥ ስሞክር አጠገቤ ያለው ሰውዬ አለቀሰ፤ እኔ ደረቅሁ።

ይማም፦ ሰውዬው ምን ሆኖ?

ማንጠግቦሽ፦ ፊቴን አይቶ ነዋ።

ይማም፦ ወላሂ፣ በሐዘኔ ቀን ሊያስቁኝ ነው የመጡት።

ማንጠግቦሽ፦ እናንተም ቸኮላችሁ። እኛ ዘመድ እስኪሰበሰብ እንጠብቃለን፤ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ዘሐራን ጠዋት አርፋ ከሰዓት ቀበራችኋት። የት ልትሄድባችሁ ነው?

ይማም፦ ሟችን አለማቆየት ማክበር ነው፣ እትዬ። ሦስት ቀን ተቀምጠን ዱዓ እናደርግላታለን።

ማንጠግቦሽ፦ እሷስ ዱዓ አገኘች። እኔ ጓደኛዬን ሳላለቅስላት ልቅር?

ይማም፦ እናቴ ራሷ ሙሾ አትወድም ነበር።

ማንጠግቦሽ፦ ለቀባሪው አረዱት አሉ።

ይማም፦ አንድ ቀን አውርዳ አታውቅማ።

ማንጠግቦሽ፦ አላወረደችም። አናጢው አበጋዝ ሲሞት ያልኩትን ታስታውሳለህ?

ይማም፦ ማን ይረሳዋል?
«የሰፈሩን መዝጊያ ሲገጥም የኖረው፣
ለራሱ በር አጥቶ ሞት ገብቶ ወሰደው።»

ማንጠግቦሽ፦ የማን ይመስልሃል?

ይማም፦ የእርስዎ ነዋ።

ማንጠግቦሽ፦ ድምፁ የእኔ ነው። ቃሉን በአጥሩ ቀዳዳ ያቀበለችኝ እናትህ ናት። «ለእኔ አይፈቀድም፣ አንቺ በይው» እያለች። የአበጋዝ ብቻ መሰለህ? ያመሰገኑኝ ግጥም ሁሉ የእሷ ነው።

ይማም፦ እናቴ?

ማንጠግቦሽ፦ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለራሷ ሞት የሚባለውን ሰጠችኝ። ካልፈቀድክ ይዤው ወደ ቤቴ ልመለስ።

ይማም፦ ይቆዩ እትዬ። የትም አይሂዱ።

ማንጠግቦሽ፦ ምነው? ሙሾ ክልክል ነው አላልክም?

ይማም፦ ድምፅዎን ነው የከለከልኩት። ጠጋ ይበሉና በጆሮዬ ይንገሩኝ።